የያኖታ በር

የዛሆርካ ሰዎች በየጥቅምቱ ኩሬ አድርቀው ዓሣ ያወጣሉ። ዘንድሮ የላይኛው ኩሬ ውኃ ሲያልቅ ከዓሣው ቀድሞ ብቅ ያለው የሰው ጫማ ነበር።

እስከ ብብታቸው ላስቲክ የለበሱት አስጋሪዎች መረባቸውን እንደያዙ ጭቃው ላይ ደርቀው ቀሩ። ዳር ላይ ባልዲ ይዞ የተሰለፈው ገዢ ግን ሳቀ፤ አንዱ ያረጀ ጫማውን ጥሎ ነው ተባለ። ጫማው ውስጥ እግር መኖሩ ሲታይ ሳቁ ቀጥ አለ። የአስጋሪዎቹ አለቃ ሃቬል፣ "ማንም እንዳይነካው! ፖሊስ ጥሩ። እናንተ ደግሞ ምን አፋችሁን ትከፍታላችሁ? ዓሣው እየሞተ ነው፣ አውጡ!" ብሎ ጮኸ። ሰውየው አንዴ ሞቷል፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ግን ለገና መሸጥ ነበረበት።

ኢንስፔክተር ብላዤክ ከታቦር ከተማ ሲደርስ ሬሳው ሣር ላይ ተጋድሟል። በሸራ ተጠቅልሎ፣ በሰማያዊ ገመድ ተጠፍሮ፣ ድንጋይ ታጭቆበት ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል።

"ጓድ ኢንስፔክተር፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ" አለ ሃቬል።

"ጓድ መባባል ከቀረ ሰነበተ እኮ።"

"ይቅርታ ጌታዬ፣ የአፍ ልማድ ነው። ልቤ እንደሆነ ያኔም ብሎት አያውቅ።"

"ያውቁታል ሰውየውን?"

"ማን የማያውቀው አለ! መምህሩ ነው። ያኖታ ቆጣሪው።"

"ውኃውን መልቀቅ የጀመራችሁት መቼ ነው?"

"ያለፈው ሳምንት ሰኞ።"

መምህሩ እውነትም ቆጣሪ ነበር። ቨንዴሊን ያኖታ ብርኖ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ሆነ፤ የእሱን ስም የያዘ ሰው እያሳደዱ መቁጠር። በታችኛው ኩሬ ዳር ያለው ቢራ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ቦዤና እየሳቀችም እያዘነችም ነገረቻቸው።

"ካርታ አለው፤ ያኖታ በሚኖርበት ሁሉ መርፌ ይሰካበታል። እኛ አካባቢ መርፌ ብቻ ነው፣ ወረቀቱ አይታይም። ወደ ሞራቪያ እየሳሳ ይሄዳል። ቪየና ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ መርፌ አለ፤ በንጉሡ ዘመን ጡብ ሊሠሩ የሄዱት ናቸው አሉ። ስሙ ከየት መጣ ብለው ከጠየቁትማ አለቀልዎ! ያን የሚባል ሰውዬ ዱር መንጥሮ ቤት ሠራ ብሎ ይጀምርልዎታል። እኔ እንኳ፣ 'መምህር፣ መጀመሪያ ጉላሹን ይብሉት' እለው ነበር።"

"እዚህ ምን ያመላልሰዋል?" አለች አብራው የመጣችው ሳጅን ሊዳ።

"ቅዳሜ ጉባኤ አለ እኮ የኔ እመቤት። ያኖታ የተባለ ሁሉ ከያለበት ተጠርቷል፤ ቤት ቁጥር አምስት፣ ኦታካር ግቢ። ስሙ የተነሣው ከዚያ ቤት ነው።"

"መቼ ነው መጨረሻ ያዩት?"

"ያለፈው ሳምንት እሑድ፣ ምሳ ላይ። እላይ የተከራየውን የቪየና ያኖታ ያውቁታል? ከእሱ ጋር ተጨቃጨቁ። ቪየናው ጠረጴዛ ደበደበ፣ መምህሩ ሳቀበት። ከዚያ ቦርሳውን ይዞ ወደ ኦታካር ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ብርኖ ገብቷል አልን። ብቻውን የሚኖር ሰው ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል?"

ኦታካር ያኖታ መሰላል ላይ ቆሞ የግቢውን በር ኖራ ሲቀባ አገኙት። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። ከበሩ በላይ ያኖታ የሚለውን ስም በአዲስ ግንድ ላይ በትልቁ ቀርጾ ሰቅሎታል። ብላዤክ ነገሩን ሲነግረው ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

"የላይኛው ኩሬ?" አለ። "የላይኛውን አደረቁት?"

"አዎ። ይውረዱ እስቲ፣ ይቀመጡ።"

ኦታካር ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ግቢው ውስጥ ግማሹ ጣሪያ አዲስ ሸክላ ነው፣ ግማሹ አሁንም ያፈስሳል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አርባ ዓመት ሙሉ ማዳበሪያ ሲያከማችበት የኖረ ቤት ነው፤ ግድግዳው ገና ይሸታል።

"እዚህ ነው የተወለዱት?" አለ ብላዤክ።

"እዚያ መስኮት ሥር። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ጠዋት መኪና መጣ። አንድ አልጋና አንድ ድስት ይዛችሁ ውጡ አሉን። አባቴን የዩራኒየም ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት፤ በዚያው ቀረ። እናቴ ኦስትራቫ ውስጥ የሰው ደረጃ ስትወለውል ሞተች። እኔን የከበርቴ ልጅ ይሉኝ ነበር። ስምህን ቀይርና ትምህርትህን ቀጥል ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ከሰል አወጣሁ። ሚስቴም በዚሁ ስም ጦስ ጥላኝ ሄደች።" እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። "እንግዲህ ለኔ የቀረኝ ይሄ ነው። አሥራ አንድ ትውልድ በዚህ በር ገብቷል፣ ወጥቷል። ሁሉም አንድ ደም ነው።"

ብላዤክን አንጀቱን በላው። የእሱም አጎት ከዚያ ጉድጓድ ደም እየተፋ ነበር የወጣው፤ ግን ይህን ለመናገር ቦታው አልመሰለውም።

"ጎረቤት ይጠይቅዎታል?"

"ምን ጎረቤት አለኝ? የማኅበሩ የላም በረት የቆመው በእኔ መሬት ላይ ነበር። መሬቴ ሲመለስልኝ በረቱ ተዘጋ፣ ሰው ሥራ ፈታ። ከሚያዝያ ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ ደህና አደርክ ያለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ቢራ ቤት ብገባ ጨዋታው ጸጥ አለ። ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሁለተኛ አልሄድኩም።"

"መምህሩስ? እሑድ እዚህ ነበር አሉ።"

"መጣ። ጎተራውን አየ፣ ስለ ቅዳሜው ተነጋገርን። ከዚያ ለአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እስከ ፌርማታው ሸኘሁት። ሲሳፈር አላየሁም፤ ሥራ ስለነበረኝ ተመለስኩ።" ከዚያ የብላዤክን ክንድ ያዘ። "ጌታዬ፣ ጉባኤውን አይከልክሉኝ። ሰዎቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት። አንድ ቀን እንኳ ይህ ግቢ በያኖታ ይሙላ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።"

"አልከለክልም" አለ ብላዤክ፤ ቃሉም ከልቡ ነበር።

ቢራ ቤቱ ውስጥ ያገኙት የቪየናው ያኖታ ሌዮፖልድ የማሞቂያ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ወፍራም፣ ፊቱ የቀላ፣ ቶሎ የሚቆጣ። ቼክኛን የተማረው ከአያቱ ስለሆነ ሲቆጣ እንኳ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ይመስላል።

"ክቡር መኰንን ሆይ፣ ውሸታም ብዬዋለሁ። አልገደልኩትም!"

"ምን ብሎ ነው ውሸታም የተባለው?"

ሌዮፖልድ ጣቱን ዘረጋ። ዋንጫ የምታክል ቀለበት ላይ ንስር ተቀርጿል። "የዘራችን ዓርማ ነው፤ እኔ ነኝ ያሠራሁት። መምህሩ አይቶ ሳቀብኝ። 'አቶ ሌዮፖልድ፣ ዘር የሚባል ነገር የለም' አለኝ። 'ስሙ የቤቱ ነው። መበለቲቱን ያገባ፣ እርሻውን የገዛ፣ ባዶ ሲሆን የገባበት ሁሉ ያኖታ ተብሏል። የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ አገላብጬ አይቻለሁ፤ ደሙ ስንቴ ተቆርጧል! ቅዳሜ ለሁሉም አበስራለሁ' አለኝ። አበስራለሁ! ሚስቴ ትመጣለች፣ አማቼ ትመጣለች። እኔ ለእነሱ ባላባት ነን እያልኩ ነው የኖርኩት!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጠረጴዛ ደበደብኩና ተኛሁ። ቢራው በዝቶብኝ ነበር።"

"ተኝተው ያየዎት ሰው አለ?"

"የተኛን ሰው ማን ያያል?"

ሳጅን ሊዳ መኪናውን ፈትሻ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። "ሰማያዊ ገመድ ጥቅል ሙሉ አለ። የድንኳን እንጨትም አለ። ሸራው ግን የለም።"

"ሊንዝ ከተማ ላይ ረስቼው ነው የመጣሁት!" አለ ሌዮፖልድ። አስተናጋጆቹ እንኳ አላመኑትም።

ታቦር ያለው አለቃ በስልክ ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። "ጎሽ! የውጭ ሰው ነው፣ ከአገሬው ጋር አንኮራረፍም። አርብ ከሰዓት ክስ እንመሠርታለን፣ ለጋዜጣም እንሰጣለን።"

"አለቃዬ፣ ገመዱ እኮ በየሱቁ ያለ ነው።"

"ሸራውስ? አንተ ሰውዬ፣ ከፊትህ የተቀመጠልህን አትውሰድ ያለህ አለ?"

ሌዮፖልድ ያኖታን በካቴና አስረው ሲወስዱት ቀለበቱን አስወለቁት። ያኔ ነው ሰውየው ያለቀሰው።

አርብ ጠዋት ብላዤክ ብቻውን ወደ ላይኛው ኩሬ ተመለሰ። ከታችኛው ኩሬ ተነሥቶ በጫካው መሀል ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ሆዱም ትንሽ አግዞታል። አስጋሪዎቹ የቀረውን ዓሣ በበርሜል እየጫኑ ነበር። ሃቬል ሩም የበዛበት ሻይ ቀዳለት።

"የያዛችሁት ሰውዬ ጠጪ ነው እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይመስልም" አለ ሃቬል።

"ከቢራ ቤቱ የጓሮ በር እስከ ታችኛው ኩሬ ስንት እርምጃ ነው?"

"ሽንት የያዘው ሰው ሳይሮጥ ይደርሳል።"

"ጥልቅ ነው?"

"ከዚህኛው ይጠልቃል። እስከ ከርሞ ጥቅምትም ማንም አይነካው።"

ብላዤክ ሻዩን ሳይጠጣ ያዘው። ሌዮፖልድ ገድሎ ቢሆን ኖሮ ሬሳውን የሚጥለው አፍንጫው ሥር ካለው ኩሬ ነበር፤ የአገሩን ሥርዓት አያውቅማ። የዛሆርካ ሰው ገድሎ ቢሆንም የሚጥለው እዚያው ነበር፤ የላይኛው በማግሥቱ እንደሚለቀቅ ሕፃኑም ያውቃል። ታዲያ የሞላውን ኩሬ አልፎ፣ ይህን ዳገት ሙሉ ሰው ጎትቶ፣ ሊደርቅ ካለው ኩሬ የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?

"ተራው ሁልጊዜ እንዲህ ነው? አንድ ዓመት የላይኛው፣ አንድ ዓመት የታችኛው?"

"አዎ። ድሮ ግን ተገላቢጦሽ ነበር። የሩሲያ ታንክ በመጣበት ዓመት የላይኛው ግድብ ተደረመሰና ተራው ተዛነፈ። በድሮው ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ የሚደርቀው የታችኛው ነበር።"

"የድሮውን ማን ያስታውሳል?"

"ሽማግሌ ሁሉ። ግን አዲሱንም ያውቁታል እንጂ፤ በየዓመቱ ባልዲ ይዘው እዚህ አይደሉም?"

ብላዤክ ኩባያውን መለሰ። የድሮውን የሚያውቅ፣ አዲሱን ያልሰማ። ልጅ ሆኖ የወጣ፣ ሸምግሎ የተመለሰ፣ ቀጥሎም ከሰው ጋር ቃል ያልተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ሰው በመንደሩ አንድ ብቻ ነው፤ ብላዤክም ያ ሰው ባይሆን ምንኛ ደስ ባለው።

ቢራ ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ወይዘሮ ቦዤና ወንበር ጠረጴዛ ላይ ትሰቅላለች።

"እሑድ የአሥር ሰዓት አውቶቡስ የሚያቆመው የቱ ጋ ነው?" አላት።

"የእሑድ አውቶቡስ? ጌታዬ፣ ድርጅቱ ከተሸጠ ወዲህ እሑድ አውቶቡስ አይተን አናውቅም። ከፋሲካ በፊት ነው የቀረው። እሑድ መሄድ የፈለገ እንደ ሐዋርያ በእግሩ ነው!" ሳቀችና ፊቱን አይታ አቆመች። "ምነው?"

"ስለ ኦታካር ቤተሰብ ይንገሩኝ። አያቱ ማን ነበሩ?"

"ክሮፓቼክ የሚባል የበሬ ነጂ፤ ባል የሞተባት የያኖታ ሚስት ቤት ተቀጥሮ ገባ፣ አግብቷት ቀረ። አያቴ ናት የነገረችኝ። ሲያፏጭ በሬዎቹ ይቆሙለት ነበር አሉ።"

ብላዤክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ይህን መንደሩ ያውቃል?"

"እንዴ፣ ምስጢር ነው እንዴ? በዚያ በር የገባ ያኖታ ነው። ማኅበሩ ቤቱን ሲወስድ አንድ ስሎቫክ ላም ጠባቂ አስገቡበት፤ ሃያ ዓመት ያኖታ ስንለው ኖረን መቃብሩ ላይ ሌላ ስም ስናይ ደነገጥን። እኔስ ብሆን? ይህ ቤት ድሮ የቀጥቃጭ ስለነበረ የቀጥቃጯ ነኝ፤ የባሌን ስም ቢጠይቁ የሚነግርዎት ፖስተኛው ብቻ ነው። ክሮፓቼክ ሆነ ሌላ፣ ኦታካር ለኛ ያኖታ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?"

"ታዲያ ለምን ሰላም አትሉትም?"

ቦዤና ወንበሩን ይዛ ቆመች። "በረቱ ተዘጋ እኮ። ባሌ እዚያ ነበር የሚሠራው። ሌላውም እንዲሁ። መጀመሪያ ማን ሰላም ይበለው? ሁሉም ሌላውን ጠበቀ።"

ኦታካር ግቢ ውስጥ ረጃጅም አግዳሚዎች ተደርድረዋል። የሚያግዘው ስላልነበረ ሁሉንም ብቻውን ነው የሠራው። ሁለት በርሜል ቢራ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ብላዤክ ሳጅን ሊዳን ከበሩ ውጭ አቁሟት ገባ።

"የእሑዱ አውቶቡስ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ የለም" አለ።

ኦታካር የሚመታውን ምስማር እስከ ጭራሹ መታው። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠ።

"የለም?"

"የለም። የኩሬዎቹ ተራም ግድቡ ከተደረመሰ ወዲህ ተገልብጧል።"

"አባቴ በነበረበት ጊዜ ዘንድሮ የታችኛው ነበር" አለ ኦታካር ዝግ ብሎ። "ረቡዕ ሲነግሩኝ ጆሮዬን ነው ያላመንኩት። ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት እኔና ጋሪው እናውቃለን።"

"ለምን አቶ ኦታካር?"

"ሳቀ።" ዓይኑን ወደ ጎተራው አዞረ። "የድንጋዩ ገንዳ አጠገብ ቆመን ነበር። 'ኦታካር፣ እርስዎ ክሮፓቼክ ነዎት! እኔም ማን እንደሆንኩ አላውቅም! የገባን ሁሉ የሚቀበል ስም፣ ከዚህ የበለጠ ምን ያምራል?' አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሚስቀው፤ ልጅ ነገር ነው። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ አለ። ተው አልኩት። አባቴ በዚህ ስም ነው የሞተው አልኩት። 'አይዞዎት፣ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም' አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት። ገንዳው ላይ ወደቀ።"

"ያኔውኑ ሰው ቢጠሩ ኖሮ..."

"ማንን ልጥራ?"

 ኦታካር ኮቱን ከአግዳሚው አንሥቶ አቧራውን አራገፈ።

"ቪየናው ተለቀቀ?"

"ዛሬ ይለቀቃል።"

"መምህሩ ለእሱም ነግሬዋለሁ ብሎኛል። ለመንደሩ ይነግራል። ነገ እዚሁ ተሰብስበው፣ ያ የበሬ ነጂ የልጅ ልጅ ያኖታ ነኝ ሲል ኖሮ ሰው ገደለ እያሉ ይስቁብኛል። ይኼን ብቻ ባልሰሙ። እባክዎ ጌታዬ፣ ክሱ ላይ ሌላ ምክንያት ይጻፉልኝ። ስለ ገንዘብ ተጣላን ይበሉ።"

ብላዤክ ዝም ብሎ ሊወስደው ይችል ነበር። ዝም ቢል ይሻል እንደነበር ኋላ ብዙ ጊዜ አስቧል። ግን ሰውየው ሲለምን ማየት አቃተው።

"ያውቃሉ" አለ። "እርስዎ ሳይወለዱ ጀምሮ ነው የሚያውቁት። ስለ ክሮፓቼክ አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል።"

ኦታካር ኮቱን ግማሽ እንደለበሰ ቆመ። "እና ምን ይሉኛል?"

"ያኖታ።"

"እያወቁ?"

"እያወቁ። በዚህ በር የገባ ሁሉ ለእነሱ ያኖታ ነው። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል አሉኝ።"

ኦታካር ራሱ በሠራው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ግማሽ የለበሰውን ኮት አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። በመጨረሻ እንደ ተበደለ ልጅ ቀና ብሎ አየው።

"ማንም አልነገረኝም" አለ።